ጠበል የነካው ኮምፒውተር

ወሰንየለሽ ልጄ፣

ኮምፒውተሩን እንዳትሰኪው! እርጥብ ነው። ብደውል ብደውል አታነሺም፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ጠዋት የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ያንን ከአንቺ በዕድሜ የሚበልጥ ኮምፒውተር ክዳኑ ተከፍቶ አዩና፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የልጄ ልፋት ነው፣ አባ። ሚሞሪ ልጨምርለት ብላ ክረምቱን ሙሉ ስትበይድ ከርማ፣ ትናንት ገና ተሳካላት» አልኳቸው።

«እንግዲያማ ይባረክ!» ብለው በእፍኛቸው ረጩበት።

አባን እንዴት ይተዉ ልበላቸው? እኔም እኮ አሜን አልኩ።
የኮምፒውተሩ ቀይ መብራት ወዲያው ጠፋች።

ሶኬቱን ነቅዬ፣ ላዩን በነጠላዬ ጫፍ አደራረቅኩት። የበየድሻቸውን ቀጫጭን ሽቦዎች ግን አልነካሁም፤ ብበጥስብሽስ ብዬ ፈራሁ። ስትወጪ ክዳኑን ግጠሚው እያልኩሽ።

አሁን መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ነው። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ። እባክሽ ብዪ።

ነገ ለተማሪዎችሽ ልታሳዪው እንደነበር አውቃለሁ።

አባን ምንም እንዳትያቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።

እኔ ሞላሌ ከተማ ሄጄ ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ሚኒባሱ ክላክሱን እያስጮኸብኝ ነው። በደንብ ሲደርቅ ሞክሪውና ከበራ ደውዪልኝ። ካልበራም ደውዪ። ለቅሶ ቤት ነኝ፤ ባለቅስ ማንም ለምን አይለኝም።

እናትሽ