ወደ አየር ስለሚከፈተው የሦስተኛ ፎቅ በር

ለተከበሩ የተገጣጣሚ ቤቶች ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይ ደግሞ ዳሌዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። ዳሌ ሲሰበር ምን እንደሚመስል ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግድግዳ ማዶ ስሰማ ስለከረምኩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን መረቅሁልዎ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤቴ እማማ መርፌ ግን ደህና አይደሉም። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ስለኖሩ ነው መርፌ ያልናቸው። ልጃቸው ከሌላ ከተማ ሕፃኗን አዝላ መጥታ ታስታምማቸዋለች። የልጅ ልጃቸው ጥርስ እያበቀለች ስለሆነ፣ እማማ የራሳቸውን ሕመም ትተው ስለ እሷ ድድ ነው የሚጨነቁት።

ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ጉዳዬን በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ምስጋና። እያንዳንዱ ክፍል ከነመታጠቢያው፣ ከነመስታወቱ፣ ከነበሩ ፋብሪካ ውስጥ አልቆ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቶ፣ በክሬን እየተነሳ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደረደር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በአሥራ አንድ ቀን አራት ፎቅ! ላስቲክ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ክረምት ላሳለፍን ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። የእኔ ክፍል ጠብታ አያስገባም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ የምረቃው ቀን ደርሶ ስለነበር የመጨረሻዎቹ ክፍሎች በጥድፊያ ተሰቀሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የእማማ መርፌ ክፍል ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀመጠ፤ መስኮቱ ወደ ኮሪደሩ፣ በሩ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ባዶ አየር። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ በር ያላቸው በሰማይ ግን እሳቸው የመጀመሪያዋ ናቸው። ቁልፉን እርስዎ ራስዎ በጭብጨባ ስላስረከቧቸው እስከ ዛሬ አንገታቸው ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ለማመልከት ቢሮዎ በመጣን ጊዜ የፕላን ባለሙያዎ ወረቀቱን ዘርግተው፣ በሩ ኮሪደሩ ላይ መሆኑንና ችግር እንደሌለ በጣታቸው ስላሳዩን ከልብ እናመሰግናለን። እማማ መርፌም «እንግዲያው ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ልግባና ልኑራ» ብለው በትሕትና ተሰናብተዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር በመስኮት ገቡ፣ በመስኮት ወጡ። ኮሪደሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ «በስተርጅና ሌባ ሆንኩላችሁ» እያሉ ያስቁን ነበር። ሳቁ ያበቃው የበርጩማው እግር የተነቃነቀ ዕለት ነው፤ ወደ ውስጥ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ።

አራተኛ፣ ወይም አምስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በመስኮት ገብታ ካየቻቸው በኋላ፣ ቶሎ ሆስፒታል ካልገቡ ዳግመኛ በእግራቸው እንደማይቆሙ፣ ሲወጡም በቃሬዛ ተጋድመው እንጂ መታጠፍ እንደሌለባቸው ነገረችን። መስኮቱ መሃሉ ላይ በብረት የተከፈለ ስለሆነ ሰው አጎንብሶ ያልፍበታል እንጂ ቃሬዛ አያሳልፍም። በበሩ በኩል እንድናወርዳቸው ክሬኑን ብንለምን፣ ለሌላ ምረቃ ሄዷል ተባልን። የሰፈራችን ግንበኛ ከመስኮቱ በታች ያለውን ግድግዳ ቆርጦ በር ለማድረግ ግማሽ ቀን እንደሚበቃው፣ ለጽድቅ እንደሚሠራውም ነገረን። ቢሮዎ ግን በፋብሪካ ግድግዳ ላይ መዶሻ ያሳረፈ ነዋሪ ቤቱን እንደሚነጠቅ በማኅተም አስጠነቀቀን። ለግድግዳው እንዲህ ስለሳሱለት እናመሰግናለን። የእማማ ዳሌ ፋብሪካ ውስጥ ስላልተሠራ የሚሳሳለት የለም፤ ጥፋቱ የወለዷቸው የእናታቸው ነው።

የምለምንዎ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ቁረጡት» የሚል። ማኅተሙን ለማሳረፍ ክሬን አያስፈልግም።

ለግድግዳው ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ዘመንዎን ሁሉ በበር ገብተው በበር እንዲወጡ የምጸልይልዎ፣

የእማማ መርፌ ጎረቤት፣
የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛዋ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ሳልልክ ዛሬ ረፋድ ላይ ሦስት ባልደረቦችዎ መጥተው ነበር። ደረጃው ከሚያደክማቸው ብለው ግቢው ውስጥ ቆመው ሽቅብ አዩ፣ «በሩስ ያምራል» ተባባሉ፣ አንደኛው ጠጠር አንስቶ በውርወራ አንኳኳ። እማማ መርፌ ከአልጋቸው ሆነው «ማነው? ግቡ!» ብለው ነበር። ትተውት የሄዱት ወረቀት፣ በሩ ተንኳኩቶ የሚከፍት ስላልተገኘ ክፍሉ ነዋሪ እንደሌለው ተመዝግቧል ይላል። ለግንበኛው ሳነብለት ትንሽ አሰበና «ሰው ከሌለበትማ ቤቱን የሚነጠቅም ሰው የለ» ብሎ መዶሻውንና መሮውን ሊያመጣ ወረደ። ይህን ስጽፍ ግድግዳው እየተመታ ነው፤ ነርሷም ከቃሬዛው ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እማማ መርፌ ከአቧራው ውስጥ ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ኃላፊው ሊጠይቁኝ ቢመጡ፣ የበርጩማው አንድ እግር ይነቃነቃል፤ እንዳይወድቁብኝ ንገሪልኝ።»