ሁለት ቁጥር ብቻ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሰባት» የሚላቸው አባታችን ከአትክልተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥቅምት ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አያታችን አፈር በምላሳቸው ቀምሰው «ይሄ ኮምጥጧል፣ ኖራ ይፈልጋል» የሚሉ ሰው ነበሩ። አባታችን ግን ምላስ ይሳሳታል ብለው ኬሚስትሪ ተማሩ፤ በ1969 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቀው በውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ተቀጠሩ።

በ1973 ዓ.ም. ነርስ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። የጓሮውን አፈር እንኳ በተጣራ ውኃ በጥብጠው፣ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው፣ የአሲድ መጠን መለኪያውን ልኩ በታወቀ ፈሳሽ ሳያስተካክሉ አንድ ቁጥር አይጽፉም ነበር። ሰባት መካከለኛ ነው፤ ከሰባት በታች አሲድ ነው። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ መጣ።

በ1994 ዓ.ም. ከከተማው በላይ የባትሪ ፋብሪካ ተከፈተ። በዓመቱ ከተማው የሚጠጣበት የአራተኛው ጉድጓድ ውኃ ከሰባት ወደ አምስት ወረደ። አባታችን ሦስት ጊዜ ለክተው አምስት ብለው ጻፉ። የውኃ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሰባት እንዲሉት አዘዟቸው፤ «ለሁለት ቁጥር ብለህ ነው ሰው የምታሸብረው?» አሏቸው። ሁለት ቁጥር! በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ አሲዱ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ሁለት ቁጥር መቶ እጥፍ። ይህን ተማሪ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ውኃ ቧንቧውን እየበላ ብረቱን ወደ ብርጭቋችን ያመጣል። አባታችን አልፈርምም አሉ። የሚፈርም ግን አልጠፋም፤ አብረዋቸው ምሳ ሲበሉ የኖሩ ናቸው፣ ዛሬም እዚሁ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። እርሳቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተጣሉና እስከ ጡረታቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃው የበላቸውን ቧንቧዎች ሲረከቡ ኖሩ።

ሆድ ይፍጀው ብለው ግን አልተቀመጡም። ጡረታ ከወጡ በኋላ በእጅ መለኪያቸው የጎረቤቱን ባልዲ በየሳምንቱ እየለኩ «ልጄ፣ ይሄን ለሕፃን እንዳትሰጪ» ይሉ ነበር። አንዳንዱ «ጋሽ ሰባት ዛሬም ሰባትን አጧት» እያለ ሳቀባቸው። ይሳቅ!

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ሐኪሞቹ ከውኃው ነው አላሉም፤ እኛም ያልተለካ ነገር አንናገርም፤ አባታችን አይወዱም። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ከቀብር ስትመለሱ በደጃችን የውኃ ቦቴ ቆሞ ታገኛላችሁ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ፣ የዛሬው የመሥሪያ ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ፣ ለለቀስተኛው ብለው ልከውልናል። ዛሬ ጠዋት ታላቋ ልጃቸው የቦቴውን ውኃ በአባቷ መለኪያ ሦስት ጊዜ ለካችው። አምስት ነጥብ አንድ ነው። ማንም እንዳይጠጣ፤ ከሌላ ቦታ ያስመጣነው ውኃ ቤት ውስጥ አለ።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ የለኩት በማይሰረዝበት ቦታ ያሳርፍልን።