ቂሬ ፍለጋ በኢስታንቡል

እሑድ

ዛሬም ከአባየ ጆሮ ጋር አወራሁ። ቪዲዮ ነው ብንላቸው ብናስረዳቸው፣ አያቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚያወሩት። ኢስታንቡል ከገባሁ ፊታቸውን አላየሁም፤ የግራ ጆሯቸውን ግን ከነፀጉሩ ሸምድጄዋለሁ።

ጆሮው ጠየቀኝ፦ «አፊያ ነሽ? ቂሬ ገባሽ?»

«አባየ፣ እዚህ ቂሬ የለም።»

«ሰው የለም?»

«ሰውማ ሞልቷል።»

«ሰው ካለ ሞት አለ። ሞት ካለ ቂሬ አለ። ፈልጊ!»

አባየ በከተማችን በመካነ ሰላም የሰፈራችን ቂሬ ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት ማን ለቀብር እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን መጥቶ ቶሎ እንደሾለከ በቃላቸው ይይዛሉ። የቀረ ይቀጣል። አንዴ ጥርሳቸውን አሟቸው እሳቸው ራሳቸው ቀሩና ራሳቸውን ቀጡ። ከዚያ «ቅጣቱ በዛብኝ» ብለው ለራሳቸው ይግባኝ አሉ። ይግባኙን አልተቀበሉትም።

ሳቂ ይለኛል፤ ግን ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። እንዳልሄድ ብላ እማየ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋስ የሆኑልኝ እሳቸው ናቸው። «ብትታመም በሯን የሚያንኳኳ ሰው፣ ብትሞት የሚሰበሰብላት ሰው በሄደች እስከ ሁለተኛው ጁምዓ ካላገኘች፣ እኔው ራሴ እመልስልሻለሁ» አሉ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። እማየም ጨከነች፤ ባናውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን እንኳ ከሻንጣው አወጣችው። «ለማይቆይ ሰው ባና አይያዝለትም» አለች።

ነጻ የትምህርት ዕድሌን ብወደውም የአባየን ቃል አላፈርስም። ስለዚህ የፊታችን ጁምዓ ወይ ቂሬ፣ ወይ መካነ ሰላም።

ሰኞ

ኧረ ይቺ ከተማ! ወደ ቋንቋ ትምህርቴ የምሄደው በመርከብ ነው። በመርከብ! ሰዉ ባጃጅ እንደሚሳፈር ሰልፍ ይዞ ይገባል። ለእኔ ውኃ ማለት ከአገራችን ከቦረና አፋፍ ላይ ሆነው ወደ ታች የሚያዩት ዓባይ ነበር። ዛሬ ግን ከእግሬ ሥር መጣ፤ የመርከቡን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሻይዋን እየጠጣች ጋዜጣ ታነባለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ! የባሕር ወፎቹ ከመርከቡ ጎን ጎን እየበረሩ ዳቦ ከሰው እጅ ይነጥቃሉ። የእኔንም ነጠቁኝ። አልተቀየምኩም። ከከተማው ሁሉ መጀመሪያ የቀረበኝ ያ ወፍ ነው።

ድመቶቹስ? በየሱቁ ደጃፍ ሰሐን አላቸው። አንዷ ስታነክስ ሦስት ሰው ቆሞ ሲመክርባት አየሁ። ድመቷ ቂሬ አላት፤ እኔ የለኝም።

በሴት ተማሪዎች ማደሪያው አንድ ክፍል የምናድረው አይጃን ከምትባል የኪርጊስታን ልጅ ጋር ነው። ዛሬ በሰባራ ቱርክኛዬ እንደ ወግ እንደ ሥርዓቱ ሰላም አልኳት፦ «እንዴት ዋልሽ? እናት አባት ደህና? ከብቱ ደህና?» ከብቱ ላይ ስደርስ በቆረጣ አየችኝና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ወተፈች።

ማክሰኞ

እህቴ ዘሀራ መከረችኝ፦ «ገብቻለሁ በያቸው፤ ቱርክ ድረስ መጥቶ ማን ያጣራል?» ብልህ ናት። እኔ ደግሞ ሞኟ ሰማኋት።

«አባየ፣ ቂሬ ገባሁ።»

«አልሐምዱሊላህ! ዳኛው ማን ይባላል?»

«እ... አህመት።»

«ስንት ቤት ነው?»

«ብዙ።»

«የቀረ ሰው ምን ይቀጣል?»

የዘሀራ ምክር እዚህ ላይ አለቀ።

«ሐዩ፣» አለ ጆሮው፣ «ቅጣት የሌለው ቂሬ የሰርግ ጭፈራ ነው። እስከ ጁምዓ ቀን አለሽ።»

ከበስተጀርባ የእማየ ድምፅ ተሰማ፦ «ሻንጣዋን ታዘጋጅ በሏት!»

አዛውንት ስልክ መያዝ አይችሉም ብላችሁ አትናቁ። የሚይዙት ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ውርደት።

ቂሬን በቱርክኛ ምን ብዬ ላስረዳ? ለአዲስ አበባ ሰው «ዕድር ማለት ነው» ብል ይገባዋል። ለመምህራችን ግን ያሉኝን ቃላት ሰብስቤ «እኔ ስሞት ማን ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷ ነጣ። እጄን ይዛ ወደ አማካሪ ቢሮ ወሰደችኝ። አማካሪዋ ሻይ ቀድታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መኖር አስጠልቶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ኧረ መኖርስ እወዳለሁ! የቸገረኝ መቀበሩ ነው» ስላት ሁለተኛ ሻይ ቀዳችልኝ።

ደግ ሰዎች ናቸው፣ ወላሂ። ግን ሻይ ቂሬ አይሆንም።

ማታ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። መልሼ ገፋሁት።

ሐሙስ

ከትምህርት ስመለስ አይጃን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ እጇ ላይ ነው፣ ማዳመጫው ግን የለም። «አያቴ ሞተች» አለችኝ። ያሳደገቻት አያቷ ናት። ለቀብር መድረስ አትችልም።

ቱርክኛዬ ድራሹ ጠፋ። ማጽናኛ ገና አልተማርንም፤ ቲማቲም መግዛት ላይ ነን። ዘመዶቿ ሩቅ፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን። እሷን አይቼ ተራዬን አሰብኩ፤ እኔም እንዲህ መሬት ላይ ስቀመጥ። የዚያን ጊዜ እማየ እውነቷን ነው አልኩ።

ከዚያ የማውቀውን አደረግሁ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ብቻውን አይተውም፤ አንድ ሰው ወጥቶ «ያልሰማህ ስማ!» ብሎ ይለፍፋል። ድስትና ጭልፋ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። እየደበደብኩ፣ የቀሩኝን ሦስት የቱርክ ቃላት ጮህኩ፦ «ኑ! ሁላችሁም! ቶሎ!»

መጡ። መጡ ብቻ? ፎቁ በሙሉ እሳት የተነሳ መስሎት በደረጃ ተግተልትሎ ወረደ! ነጠላ ጫማ ያጠለቀች፣ ፓስፖርቷን ያነገበች። አዋ የምትባለው የሴኔጋል ልጅ ከሻምፖ አረፋዋ ጋር ነው የሮጠችው። ፕሮክተሯ፣ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ታቅፈው መጡ።

ተከትያቸው ግቢ ስወርድ ሁሉም አፈጠጠብኝ። «እሳት የለም» አልኩ። «አያቷ ሞተች።»

አንዷ ሳቀች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ ዱዓ እያደረግሁ ነው።

አዋ አረፋዋን በፎጣ ጠቅልላ ደረጃውን ተመልሳ መውጣት ጀመረች። ክፍላችን ገብታ አይጃን አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ተከተሏት። ፕሮክተሯ እየተቆጡኝ ገቡ፣ እየተቆጡኝ ማጥፊያውን በር ላይ አስቀመጡ፣ እየተቆጡኝ ተቀመጡ።

ንፍሮ ሠራሁ። የታሸገ ሽንብራ ከቆርቆሮ ገልብጬ ከስንዴ ቅንጬ ጋር አሞቅሁት (አባየ እንዳይሰሙ)። እያንዳንዷ በገዛ ቋንቋዋ ስለ አያቷ አወራች፤ ግማሹን ማንም አልሰማውም፣ ሁሉም ግን አለቀሰ። አይጃን የአያቷን ፎቶ አሳየችን፦ ፈረስ ላይ የተቀመጡ፣ ፎቶ አንሺውን የሚቆጡ የሚመስሉ አሮጊት። አባየን ቁርጥ! ነገርኳቸው፤ ሳቁ፤ አይጃንም ሳቀች።

ሁሉም ወደ ክፍሉ ሲመለስ ማዳመጫዋን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ሰኞ የጠየቅሽኝን» አለች። «ከብት የለንም፤ ፈረስ ነው ያለን። ደህና ናቸው።»

ጁምዓ

ከሶላት በኋላ ተደወለ። ያው ጆሮ።

«ቂሬ ገባሽ?»

«አልገባሁም አባየ። አቋቋምኩ።»

የትናንቱን ነገርኳቸው፤ ድስቱን ጨምሮ። ቆርቆሮውን ዘለልኩት።

«ስንት ቤት ነው?»

«ፎቁ በሙሉ።»

«እስላም ነው ክርስቲያን?»

«ሁለቱም። ምንም ያልሆነችም አለች።»

«እንደኛው ነው በያ። የዚያችንም ለቅሶ ትደርሳላችሁ። የቀረ ምን ይቀጣል?»

ጠዋት ቁርስ ላይ ተማክረንበታል። «የሳምንቱን የወጥ ቤት ዕቃ ብቻውን ያጥባል።»

«ከባድ ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ዳኛውስ?»

«እኔ።»

ሴት ልጅ፣ ያውም ጢም ያላበቀለ ዳኛ ነዋ! ተግሣጽ ስጠብቅ ጆሮው ከስክሪኑ ተነሳ። ጣሪያ ታየ፣ የቆባቸው ጫፍ ታየ፣ ከዚያ ፊታቸው። ጥርስ የጎደለው፣ የሚስቅ፣ ሙሉ ፊታቸው። ቀጥ ብለው አዩኝ።

«አብሽሪ!» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ጮሁ፦ «ነይ ልጅሽን ጠይቂ! ዋስነቴን አወረድኩ!»

እማየ ስልኩን ተቀበለች። አይኗ ቀልቷል። «ብትታመሚስ? ማን ነው በርሽን የሚያንኳኳው?»

ስልኩን ወደ አይጃን አዞርኩት። አይጃን ጠዋት ያስጠናኋትን አማርኛ በቀስታ ለቀመችው፦ «እንዴት ዋሉ? ከብቱ ደህና?»

እማየ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ መለሰች፦ ላሚቱ ደህና፣ ጥጃዋ ደህና፣ በሬው ትንሽ አነከሰ፣ አልሐምዱሊላህ። አይጃን አንድም ቃል ሳይገባት በእያንዳንዱ ራሷን ነቀነቀች።

ስንሰናበት እማየ «ቆዪ» አላለችኝም፤ «ነይ»ም አላለችኝም።

«ብርዱ ሳይጠና ባናውን ሰው ካገኘሁ እልካለሁ» አለችና ዘጋችው።