«ማን ላከሽ?» የማይባልበትን በር የከፈቱት እትዬ ቶሎ

ሰውን ከአፈር አበጅቶ እስትንፋስ የሰጠ፣ ለዘመኑም ወሰን ያደረገለት እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ዛሬ በፊታችን ጸጥ ብለው የተኙትን እናታችንን በሕይወት ሳሉ እንዲህ ጸጥ ብለው ያያቸው ሰው አልነበረም።

ሁላችን እትዬ ቶሎ እያልን የምንጠራቸው እኚህ እናት የአውቶቡስ ሾፌር ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በግንቦት ወር 1948 ዓ.ም.፣ በመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ በነበረው ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የተወለዱት ገና በሰባተኛው ወር ነበርና አባታቸው በጨርቅ ተጠቅልለው ሲያዩአቸው «ምን አስቸኮለሽ የኔ እመቤት? አውቶቡሱን የምነዳው እኔ፤ ጥዬሽ አልሄድ!» ማለታቸው በቤተ ሰቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ከትምህርት ሲመለሱ በእናታቸው የሥራ ክፍል፣ በእንፋሎቱ መካከል ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ነጭ ሆኖ ሳለ የሚቀቀለውን አንሶላ አይተው «ከጠራ በኋላ ለምን ትቀቅሉታላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። እናታቸውም «ዓይን የማያየው አለበት» አሏቸው። የማይታየውን በእምነት መቀበል የጽድቅ ሥራ ነው፤ እትዬ ቶሎ ግን ካመኑ በኋላ ማየትም ፈለጉ። ይህ ፍላጎት በ1971 ዓ.ም. በማይክሮባዮሎጂ ዲግሪያቸውን እስኪቀበሉ ድረስ ዕረፍት አልሰጣቸውም፤ ከዚያም በኋላ አልሰጣቸውም።

በዚያው ዓመት በመንግሥት የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። በዚያ ኢንኩቤተር የሚባል፣ ባክቴሪያ በልኩ ሙቀት እየተጠበቀ የሚያድግበት ሣጥን ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ ውስጡ ያለውም ይደክማል። እትዬ ቶሎ «አድጎ ይሆን?» እያሉ ሲከፍቱ ሲዘጉ የሰውን ሁሉ ሥራ አበላሹ። አረጋዊው የቤተ ሙከራው ሹም የሣጥኑን ቁልፍ በራሳቸው አንገት አንጠልጥለው «ልጄ፣ ባክቴሪያ ስላዩት አያድግም፤ ቢያፍር እንጂ» አሏቸው። ይህን ዕድሜ ልካቸውን እያወሩ በራሳቸው ይስቁ ነበር፤ ልማዳቸው ግን አልተዋቸውም።

በ1975 ዓ.ም. የሒሳብ መምህር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ምግባቸውን ሳይጨርሱ እትዬ ቶሎ ሳህኑን ስለሚያነሡባቸው በግራ እጃቸው ሳህኑን ይዘው መብላት ለመዱ። ጸሎታቸውን እንኳ እትዬ ቶሎ እየተራመዱ ያደርሱ ነበርና ባለቤታቸው «ኧረ መላእክቱን አታድክሚያቸው» ይሏቸው ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ለዶሮ በሽታ የሚሆን ክትባት አዘጋጅተው፣ የራሳቸውን ድርጅት ለማቋቋም ከመንግሥት ሥራ ለቀቁ። ባለሀብቶች ዘንድ ሲሄዱ «ቤተ ሙከራሽ የት ነው?» ይባላሉ፤ ቤተ ሙከራ ያላቸው ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ «ድርጅትሽ የት ነው?» ይባላሉ። በሁለቱም ደጅ አስቀድሞ የሚቀርብላቸው ጥያቄ ግን «ማን ላከሽ?» የሚል ነበር። «ማንም አልላከኝም፤ በእግሬ ነው የመጣሁት» ብለው ሲመልሱ በሩ ይዘጋል። የሾፌርና የልብስ አጣቢ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ደጅ ሲጠኑ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻም ተመሳሳዩን ክትባት ላኪ ያላቸው ሰዎች ለገበያ አወጡት። ባለቤታቸው «በሐዘን ትወድቃለች» ብለው ከትምህርት ቤት ሮጠው ቢመጡ ቤቱ ባዶ ነበር፤ እትዬ ቶሎ የሚከራይ ቤት ፍለጋ ወጥተዋል።

ያገኙትም የተዘጋ አይስክሬም ፋብሪካ ነበር። ግድግዳው ሴራሚክ የለበሰ፣ ወለሉ የውሃ መውረጃ ያለው፣ ቀዝቃዛ ክፍሎቹም ያልፈረሱ ስለነበሩ እየዞሩ አይተው «ይህማ ለእኛ የተሠራ ነው» አሉ። በ1990 ዓ.ም. የጋራ ቤተ ሙከራ አድርገው ከፈቱት። የሰፈር ልጆች እያንኳኩ «አይስክሬም አለ?» ሲሏቸው «አልቋል፤ ባክቴሪያ ግን የፈለጋችሁት አለ» ብለው ያስቁአቸው ነበር። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ በዚያ በር የገባ ሰው «ምን ልትሠራ ነው?» ይባላል እንጂ «ማን ላከህ?» አይባልም።

መድኃኒት፣ ክትባትና መመርመሪያ የመሥራት አሳብ ይዘው የትም በር የተዘጋባቸው ሁሉ ወደዚያ መጡ። ከስደት የመጣ ኬሚስት መጣ፤ ልጇን ያዘለች የእንስሳት ሐኪም መጣች። በዊልቸር የሚሄድ አንድ ባለሙያ ሲመጣ እትዬ ቶሎ ጠረጴዛው እንዳይረዝምበት በዚያችው ሰዓት መጋዝ አንሥተው የጠረጴዛውን እግር ቆረጡለት። ሳይለኩ ስለቆረጡ ጠረጴዛው ዘመመ፤ ሌላውን እግር ቆረጡ፣ ወዲያ ዘመመ። ሰውየው በመጨረሻ «እትዬ፣ ይብቃዎት፤ መሬት ላይ እንሠራለን» አላቸው። ባለሀብት ፊት የሚቀርብ ሁሉ አስቀድሞ በረጅሙ ኮሪደር ከእርሳቸው ጋር እየተመላለሰ ይፈተን ነበር። «ማን ይገዛዋል? ቢበላሽስ? ቶሎ በል፣ ጫፍ ደረስን እኮ!» እያሉ ያጣድፉታል። ስማቸውም የወጣው በዚያ ኮሪደር ነው። ዛሬ በዚህ ጉባኤ ካሉት ባለድርጅቶች ብዙዎቹ እዚያ ላባቸውን የጠረጉ ናቸው።

በ2009 ዓ.ም. ባለቤታቸውን በሞት ካጡ በኋላ እርምጃቸው ይበልጥ ፈጠነ። በ2014 ዓ.ም. ልባቸው ታመመ። ሐኪማቸው ቁጭ እንዲሉ ቢያዟቸው «ዶክተር፣ በእርሱ ፋንታ የሚዋጥ ነገር የለም?» አሉ። ከሕመሙ ይልቅ እንቅልፍ የነሳቸው ግን ቤቱን ከእርሳቸው በኋላ የሚይዘው ሰው ጉዳይ ነበር። ለዚያ የታሰቡት ሁሉ «ክፈት» ሲሏቸው የሚከፍቱ፣ «ሩጥ» ሲሏቸው የሚሮጡ ሆኑባቸው። ለልጃቸውም «እኔን የሚሰማ ሰው ይህን ቤት በአንድ ዓመት ያቃጥለዋል» ብለዋታል።

በቤቱ ከሚሠሩት መካከል አንዲት አዋላጅ ነበረች። በነፍሰ ጡር እናቶች ሽንት ውስጥ ያለውን፣ ሳይታወቅ ቆይቶ እናትንም ልጅንም የሚጎዳውን ኢንፌክሽን በቀለም የሚያሳይ ወረቀት ልትሠራ መጣች። የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች በቤቷ፣ በማብሰያው አጠገብ አድርቃቸው ኖሮ እንፋሎት ነካቸውና ሁሉም ቀለም ለወጡ፤ የቧንቧ ውሃ እንኳ ታማሚ ሆኖ ተገኘ። «ውሃውን አልጋ ያዙለት!» ብለው እትዬ ቶሎ ሳቁባት፤ ከዚያም በቀዝቃዛው ክፍል አጠገብ የሚደርቅበትን ስፍራ ሰጧት።

ወረቀቱ ሲስተካከል የቀረው ፈተና መጠበቅ ነበር። በሙቀት ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ስድስት ወር ሳይበላሽ መቆየቱ ካልታየ ፈቃድ አይሰጠውም፤ ከቀኑ በፊት የተከፈተ እንደሆነ ፈተናው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። እሽጉ በኅዳር ወር ገባ። በጥር ወር እትዬ ቶሎ መቆም ስላልቻሉ አዋላጇ በዊልቸር በኮሪደሩ ታመላልሳቸው ነበር። አንድ ቀን ሰው ሁሉ በሥራ ላይ ሳለ በሣጥኑ ፊት አስቆሟት።

«አንዱን ክፈቺልኝ።»

«አይከፈትም፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ ቀን የለኝም።»

«አውቃለሁ። ከተከፈተ ግን ሌላ ስድስት ወር ነው። እነዚያ እናቶችስ?»

እትዬ ቶሎ ተቆጡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንቺን እዚህ ያስገባሽ ማን ሆነና ነው?» አሏት። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ራሳቸው ደነገጡ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ቤት ያስወጡት ጥያቄ በራሳቸው አንደበት ተመልሶ ገብቶ ነበርና። በየጠረጴዛው ያሉት ሁሉ እጃቸውን አቆሙ። አዋላጇም ታሪካቸውን ከእርሳቸው ደጋግማ የሰማች ናትና ዓይኖቿ እንባ እንዳቀረሩ «በእግሬ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አለቻቸው።

በማግሥቱ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን አስጠርተው የቤተ ሙከራውን ቁልፎች በሙሉ ለአዋላጇ አስረከቡ። «እኔን እንቢ የምትል ስፈልግ ነው የከረምኩት፤ ስትመጣ ደግሞ ልቆጣት አይገባኝም ነበር። ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት። ከዚያች ቀን በኋላ ሣጥኑ እንዲከፈት አልጠየቁም፤ በየጧቱ ግን ስልክ እየደወሉ «ሙቀቱ ልኩ ነው?» ማለታቸውን አልተዉም።

እትዬ ቶሎ ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሳሉ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ የልጅ ልጆችና አንድ ታላቅ ወንድም ትተዋል፤ ከሥጋ ልጆቻቸው ጋር እኩል የሚያለቅሱትን የዚያን ኮሪደር ልጆች ግን እነሆ ታዩአቸዋላችሁ። ሣጥኑ እስከዚህች ሰዓት አልተከፈተም። አዋላጇ ቁልፉን ይዛ በመካከላችን ቆማለች፤ በግንቦት፣ በቀኑ ትከፍተዋለች።

ማንም ሳይልከው ለመጣ ሁሉ በሩን ሲከፍቱ የኖሩትን እናታችንን፣ ቸሩ አምላክ በደጁ ሳያቆም ነፍሳቸውን ይቀበልልን። በምድር ያላወቁትን ዕረፍት በቅዱሳኑ መካከል ያድላቸው። ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ ለእኛም የሚጠበቀውን ጠብቀን፣ የሚከፈተውን ለመክፈት ልብ ይስጠን። አሜን።