ማንም አይመጣላችሁም

ቫልዶስታ፣ ጆርጂያ
ኦክቶበር 16

ለራስል፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ጤናህንም አልጠይቅም። ደህና መሆንህን እናትህ በየሳምንቱ ይነግሩኛል። እኛ አለን። ይህን የምጽፍልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ኦርላንዶ፣ መዝናኛ ፓርኩ ሄደን ነበር። ትዝ ካለህ የጆሲ ስምንተኛ ልደት ነበር። «ከሰሜን ዳኮታ በአውሮፕላን እመጣለሁ፣ በሩ ላይ ጠብቁኝ፣ የጠፈር መርከቡን አብረን እንሳፈራለን» ያልካት አንተ ነህ። ልጅቷ ያንን ቃል ይዛ ስትተኛ ስትነሳ ከረመች።

በሩ ላይ ቆምን። እናትህ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በፓርኩ ካርታ ፊታቸውን ያራግባሉ፣ እኔ እደውላለሁ፣ ጆሲ ከመኪና ማቆሚያው የሚመጣውን እንዳንተ ኮፍያ ያደረገ ሁሉ ታያለች።

«እማዬ፣ ያ እሱ ነው?»

«አይደለም።»

«ያኛውስ?»

በመጨረሻ መልእክትህ መጣ፤ «ሥራ ያዘኝ፣ ይቅርታ»። ያውም በእኔ ስልክ። ለልጅቷ መርዶውን እኔ እንዳረዳልህ። እኔም «ዘግይቷል፣ ውስጥ ያገኘናል» አልኳት። ውሸትህን ተቀብዬ ማቀበል ሥራዬ ሆኗል።

የጠፈር መርከቡን ጨዋታ አንተ ስላላየኸው ልንገርህ። መጀመሪያ ትንሽ መርከብ ውስጥ ያስገቡሃል፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጠላት ማርኳችኋል ይሉሃል። በሩ ሲከፈት ጣሪያው የማይደረስበት አዳራሽ ነው፤ በመስኮቱ ጥቁር ሰማይና ከዋክብት ይታያል፣ የጦር ልብስ የለበሱ ወታደሮች በረድፍ ቆመዋል። ጥቁር የለበሱ መኮንኖች እያመናጨቁ ይነዱሃል። ተዋንያን መሆናቸውን ታውቃለህ፤ ግን ፈገግ የሚል የለም። የሚከፈላቸው ለክፋት ነው።

አንዱ ቀጭን ወጣት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጆሲ ፊት ቆመ።

«ምርኮኛ፣ አለቃችሁ ማነው?»

«አባቴ።»

«የት ነው የተደበቀው?»

«አልተደበቀም። እየመጣ ነው። ሲመጣ ታየዋለህ።»

«ማንም አይመጣላችሁም» አለ፣ በዚያ ባጠናው ቀዝቃዛ ድምፅ። «ወደ እስር ክፍል ውሰዷቸው።»

ለሁሉም የሚለው ነው፤ ምን ያውቃል? እናትህ ግን ከኋላዬ መጥተው ተጋፈጡት።

«አንተ ጎረምሳ፣ ልጅ እንዲህ ነው የሚናገሩት?»

«ዝም በይ፣ ምርኮኛ።»

«ጭራሽ አንቺ ትለኛለህ? የልጅ ልጄ እኮ ትሆናለህ።»

ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። የእስር ክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ባልና ሚስት አብረውን ገቡ። በሩ ተዘጋ። ጆሲ የአያቷን ቀሚስ ያዘች።

«አያቴ፣ አባዬ ይመጣል አይደል?»

እናትህ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ልጅቷን አዩ። እኔ እንደለመድኩት የሆነ ነገር ብለው የሚያልፉት መስሎኝ ነበር።

«አይመጣም፣ የኔ እናት። ዛሬ ብቻ አይደለም። አባትሽ እዚያ ሌላ ሴት አለችው። አብረው ነው የሚኖሩት።»

እንዲህ ነው የሰማሁት፣ ራስል። ከካርቶን በተሠራ እስር ቤት ውስጥ፣ ከልጄ እኩል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አልኳቸው።

«ከፋሲካ።»

«ከፋሲካ ጀምሮ በየእሑዱ ገበታዬ ላይ እየተቀመጡ?»

«ልጄ ነው፣ ኮሊን። ገበናውን አደባባይ ላውጣው?»

«እኔስ ምንዎ ነኝ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«አላደርግም። ስንት ዓመት ዝቅ ብዬ ኖርኩ፤ ምን አተረፍኩ?»

ባለ ቲሸርቱ ሰውዬ በስልኩ ይቀርጸናል። ለሚስቱ «ጎበዞች ናቸው፣ እነዚህም ተዋንያን ሳይሆኑ አይቀሩም» ሲል ሰማሁት። እናትህ ዞረው «አንተ ደግሞ ያን ስልክ አስቀምጥ» አሉት። ሰውዬው እየሳቀ አስቀመጠ፤ ይሄም የትርኢቱ ክፍል መስሎታል።

ከዚያ ግድግዳው በቀይ እሳት ተቆረጠና የእኛ ወገን ናቸው የተባሉ ሰዎች አወጡን። ሾፌር የሌለው መኪና ላይ ጫኑን። ቤት የሚያህሉ መድፎች ተኮሱብን፤ በስተመጨረሻ ወለሉ ከሥራችን ከዳን። እኔ ጮህኩ፣ እናትህ የፈጣሪን ስም ጠሩ። መካከላችን የተቀመጠችው ጆሲ ግን ድምፅ አላሰማችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ብቻ ታያለች። ከመውደቁ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ተንበርክኬ ፊቷን ያዝኩ። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ያ ክፉው ሰውዬ ነው ቀድሞ እውነቱን የነገረኝ» አለች።

እናትህ የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አባትህ ከተቀበሩ ወዲህ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። አይዞዎት አላልኳቸውም።

ጆሲ ቆማ ስታየን ቆየችና «እንደገና እንግባ» አለች።

እንደገና ተሰለፍን። ያው አዳራሽ፣ ያው ቀጭን ወጣት።

«አለቃችሁ ማነው?»

ጆሲ በጣቷ እኔን አመለከተች። «እሷ ናት።»

ወደ እኔ መጣ። «ዋና ሰፈራችሁ የት ነው?»

«ቫልዶስታ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? «ማንም እንዲመጣልንም አንጠብቅም።»

ከከንፈሩ ጫፍ ፈገግታ ሊያመልጠው ነበር፤ ቶሎ ፊቱን አዞረ። ጆሲ እጄን ያዘች። በዚህኛው ጊዜ ወለሉ ሲከዳን ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። እኔም አብሬያት ጮህኩ። በጩኸቱ መካከል ያወረድኩትን ስድብ ብትሰማው ለማን እንደሆነ ታውቀው ነበር።

እናትህ አሁንም እሑድ ይመጣሉ። ሳህን አቀርብላቸዋለሁ፤ ጨዋታ አላቀርብላቸውም። ትናንት ሳይጠየቁ ዕቃ አጠቡ። በእኔና በእሳቸው መካከል ግን አትግባ፤ ከዚያ ወጥተሃል።

እሑድ ከሰዓት ትደውላለህ። ለእኔ ሳይሆን ለልጅህ። ሥራ ያዘኝ እንዳትላት። ያደረግከውን በገዛ አፍህ ንገራት፤ ስታለቅስ ስልኩን አትዝጋ፤ እስክትጨርስ ስማት። ይህን ካላደረግክ ድምፅህን ዳግመኛ እንድትሰማው አልፈቅድም። የምሬን ነው።

እዚያ በረዶ መጀመሩን ቴሌቪዥን ላይ አየሁ። ወፍራሙ ጃኬትህ ቁም ሣጥኔን አጣቦብኛል፤ ነገ በፖስታ ቤት እልከዋለሁ። የተቀደደውን ገበር ሰፍቼዋለሁ። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፤ ከቤቴ ቡትቶ ወጣ እንዳይባል ነው። ዚፑ ከደረትህ ላይ ሲደርስ ይይዛል፤ በኃይል አትሳበው፣ ትንሽ ወደ ታች መልሰህ ቀስ አድርገህ ሳበው።

«ልጅህን ያሳድግልህ» ብዬ ልመርቅህ ነበር፤ የማሳድጋት እኔ ነኝ። ስለዚህ እግዚአብሔር ከብርዱ ይጠብቅህ፤ ሌላው እንደ ሥራህ።

የጆሲ እናት፣
ኮሊን