ለሩፊዳ የዘለልኩት ቃል

ጥቅምት 3
ሰባተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። የፍጥነት ቃላት። ሩፊዳ እንደ ልማዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፋስትም ኩዊክም ፈጣን ከሆነ ለምን ሁለት አስፈለገ?» ይቺ ልጅ ታደክመኛለች! መኪና ፋስት ነው አልኳት፣ ይከንፋል። ኩዊክ ጊዜ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ተጀመረ ሲሉት ያለቀ። ኸሪ ደግሞ መቸኮል፣ የረፈደበት ሰው ነገር። መጨረሻ ላይ ፍሊ አለ፣ ነፍስን ለማዳን መሸሽ። ዘለልኩት። ፈተና ላይ አይመጣም።

ጥቅምት 5
የኮኪት ሙቀት አይጣል ነው። ማሳ ወረድኩ። ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ነው... ሁለት ቀን ካለፈው መሬት ይበላዋል። ባሌ፣ ደሞዝ፣ የሰሊጥ አጫጆች ሊያመጣ በአይሱዙው ገለጉ ሄዷል። ደወልኩለት። መንገዱ ስለሚያሰጋ ሾፌሮቹ ተሰባስበው ነው የሚወጡት፣ እነሱን እየጠበቀ ነው። «አንተ ሰው ስትጠብቅ ሰሊጡ አለቀ! ተነስና ቶሎ ና!» «እሺ በቃ» ብሎ ዘጋው።

ጥቅምት 6
አልገባም። ስልኩም ዝግ ነው።

ጥቅምት 7
የቀሩት መኪኖች ገቡ። የሱ የለችም። አንጋፋው ሾፌር አያ አለምሰገድ ዓይኔን ማየት ከበዳቸው። «ብንለምነው ብቻውን ወጣ፣ ልጄ። መኪናዋን መንገድ ላይ አገኘናት። እሱም አምስቱ አጫጆችም የሉ።» ደም ነበረ ወይ? አልጠየቅኩም... ፈራሁ። ማን አስቸኮለው? እኔ። በገዛ አፌ!

ጥቅምት 8
ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። እናቱ ደወሉ። አላነሳሁም። ልጅዎን ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ ልበላቸው?

ጥቅምት 10
መጣ! ተመስገን! በእግሩ፣ ከሦስት አጫጆች ጋር። ተኩስ ሲሰሙ ዘለው ማሽላ ውስጥ ገቡ። አምስት ነበሩ... ሁለቱ የጎጃም ልጆች አልተገኙም። «አንቺ ቶሎ ና ስትይኝ...» ብሎ ተወው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 14
ሰሊጡ ግማሹ ረገፈ። ይርገፍ።
ሩፊዳ መጽሐፏን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄን ዘለሉት። እኔ ላስረዳ?» እነሩፊዳ አምና ጦርነቱን ሸሽተው ነው ከሱዳን የገቡት፤ እኔ ረስቼው! ሰሌዳው ፊት ቆመች። «ፍሊ ማለት ማን እንደቀረ ሳትቆጥር መሮጥ ነው» አለች። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።
ቤት ስገባ የደሞዝ ስልክ ይጮሃል። እሱ ማንሳት አቃተው፣ እኔ አነሳሁ። ከጠፉት አጫጆች ያንደኛው እናት ናቸው፤ ልጃቸው የሾፌሩን ቁጥር ትቶላቸው ኖሯል። «ልጀ መቸ ይመጣል?» አሉኝ።
ቶሎ ልል ነበር። አፌ እምቢ አለ።