ሒክማን ወደ አንደኛ ክፍል ስለመለሷት

ለተከበሩ የመንደራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣

እርስዎ፣ መዝገብዎና ማኅተምዎ እንደምን ከርማችኋል? አላህ ሦስታችሁንም ይጠብቅልን። እኔ ማንበብን ከስኳር መጠቅለያና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የለቀምኩ የሐይቅ ዓሣ ነጋዴ ኑርዬ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን በዘጋ ጊዜ ልጆቹን ሰብስቤ እንዳስተምር ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። «አብሽር ጋሽ ኑርዬ፣ ሰላም ሲሆን ፈትነን ሁለተኛ ክፍል እናስገባቸዋለን» ያሉኝን አምኜ፣ ቃልዎን በየወላጁ ቤት ዞሬ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

፪. የእህቴ ልጅ ሒክማ ያኔ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ስታወርደው ሰሚ ይገረም ነበር፤ ከመካከል አንዱን ፊደል ነጥዬ ሳሳያት ግን ከሌላ አገር እንደመጣ እንግዳ ታየው ነበር። የገዳሙን የኔታ ኃይለ መስቀልን ባማክራቸው፣ ዜማው እንዳይመራት በአቡጊዳ ተራ አዘበራርቄ እንዳስነብባት መከሩኝ። እኔም የሳሙና ካርቶን ቀድጄ፣ በቀዳዳው አንድ አንድ ፊደል ብቻ እያሳየሁ ድምፁን አስጠራኋት። አንድ ቀን «በ» አለች፣ ቆይታ «ግ» አለች፤ ሁለቱን እንዳጋጠመች ቀና ብላ በጉ የታለ ብላ ጠየቀችኝ።

፫. አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት የሚጎበኙ እንግዶች በመጡ ዕለት ሒክማን ሁለተኛ ክፍል ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አይታው የማታውቀውን ገጽ አስነብበው ስላስጨበጨቡላት እናቷ መስኡዳ ስትመርቅዎት ዋለች። በማግስቱ በጦርነቱ ዓመት መዝገብ ላይ ስሟ የለም ብለው ወደ አንደኛ ክፍል ስለመለሷት ግን ምርቃቱ መሃል ላይ ቀርቷል፤ ቀሪውን ለመውሰድ ብቅ ይበሉ።

፬. አሁን ከሰባ ልጆች ጋር ሀሁን ታዜማለች፤ ቀድማ ካነበበች ሌሎቹን ጠብቂ ትባላለች። ሰሞኑን ዓይኗን ጨፍና ስታዜም አግኝቼ ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «አጎቴ፣ ካየሁት አነበዋለሁ» አለችኝ። ወላጆቹም ቃል የገባህልን አንተ ነህ እያሉ ከኔ ጋር ሰላምታ ቀንሰዋል፤ እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ ከእንግዳ ፊት ያስነበቧትን ልጅ፣ እንግዳ በሌለበት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈትኑልኝ።

ማኅተም የሌለኝ፣ ነገር ግን ቃልዎን እንደ ማኅተም የቆጠርኩ አክባሪዎ፣
ኑርዬ

ማስታወሻ፦ በጦርነቱ ዓመት ከትምህርት ቤት ውጭ የተማሩ ልጆች ማንበብ እንደቻሉ አይቆጠርም የሚለው ማስታወቂያዎ በሩ ላይ ተለጥፎ ለሁላችንም ደርሶናል። ማንበብ ለማይችሉት ወላጆች ቆማ ከላይ እስከ ታች ያነበበችላቸው ሒክማ ናት።